አባባ፣ በሩ እንዳይነቀል

ሲያትል፣ ግንቦት

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እማማስ? ጎረቤቱና የዕድሩ ሰው ሁሉ እንዴት ነው? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «እንጨት ውኃ ላይ እየዋለ እያደረ እንዴት ሳይበሰብስ ይቀራል?» ብለው ጠይቀውኝ፣ መስመሩ ተቋርጦ ሳልመልስልዎ ቀረሁ። የአናጢ ጥያቄ ነውና በወጉ ልመልስልዎ።

የምሠራው ሌክ ዩኒየን በሚባል ሐይቅ ዳር፣ አሮጌ የእንጨት ጀልባ እየገዛ አድሶ በሚሸጥ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ከሚመጡልን ውስጥ ብዙዎቹ ክሪስ ክራፍት የሚባለው የሚሺጋን ፋብሪካ የሠራቸው የሞተር ጀልባዎች ናቸው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በእንጨት መሥራቱን ስላቆመ ሁሉም በዕድሜ ይበልጡኛል።

አባባ፣ ጀልባን የሚያበሰብሰው የተቀመጠበት ውኃ ሳይሆን ከላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። የባሕር ውኃ በጨውነቱ ሻጋታውን ይከላከላል፤ ዘወትር ውኃ ጠጥቶ የሚኖር እንጨትም አየር ስለማያገኝ ሻጋታ አይራባበትም። ጠላቱ በስንጥቅ ገብቶ መውጫ ያጣ፣ ነፋስ የማይደርሰው የዝናብ ውኃ ነው። ስለዚህ አለቃዬ ጀልባ ከመግዛቱ በፊት ጎኑን ከዳር እስከ ዳር በትንሽ መዶሻ እያንኳኳ ያዳምጣል። ጤነኛው ጣውላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ድምፁን ይውጠዋል። የተጠራጠረውን ቦታ በወስፌ ወጋ ያደርገዋል።

የጎኑ ጣውላ ማሆጋኒ ነው፤ መልኩ እርስዎ አልጋ ከሚሠሩበት ዋንዛ ብዙም አይርቅም። ውስጡን እንደ ማገር የያዘው ግን ነጭ ኦክ ነው። ኦክ ነጭም ቀይም አለው። የቀዩን ቁራጭ አንድ ጫፍ ውኃ ውስጥ ነክረው በሌላው ጫፍ እፍ ቢሉበት ውኃው አረፋ ያወጣል፤ እኔ ራሴ ነፍቼ አይቻለሁ። የነጩ ቀዳዳ ግን በተፈጥሮው የተደፈነ ስለሆነ ምንም ቢነፉ አያሳልፍም፤ ለጀልባ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ማጉበጥ ሲያስፈልግ በእንፋሎት ሣጥን ውስጥ ለ1 ኢንች ውፍረት 1 ሰዓት ያህል ይቆያል። ከዚያ ሳይቀዘቅዝ ቦታው ላይ ማሰር ነው፤ ያን ጊዜ ወርክሾፑ ውስጥ ሥራ ፈትቶ የሚቆም ሰው የለም።

ኦክ ብረትን ስለሚበላ ብሎኑ ነሐስ ነው። የብሎኑ ራስ ጣውላው ውስጥ ጠልቆ ከገባ በኋላ፣ በላዩ ከዚያው እንጨት የተቆረጠች ክብ ውታፍ ትመታለች፤ መስመሯም ከጣውላው መስመር ጋር እንዲገጥም ተደርጋ ትቀመጣለች። በኮላ አናጣብቃትም፤ ቫርኒሽ ብቻ አስነክተን ነው የምናስገባት። ምክንያቱም ከብዙ ዓመት በኋላ ሌላ አናጢ ብሎኑን መፍታት ቢፈልግ ጣውላውን ሳይጎዳ ሊያወጣት ይገባል። ከሥራው ሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ወደፊት ለሚመጣ፣ መልኩን ለማናውቀው ባለሙያ ታስቦለት ይሠራል።

ገዢ ሲመጣ ቀድሞ የሚጠይቀው ምን ያህሉ የድሮው እንጨት እንደሆነ ነው። የፋብሪካው መዝገብ ቨርጂኒያ ውስጥ በኒውፖርት ኒውስ ከተማ ሙዚየም ተቀምጧል፤ በጀልባው ቁጥር ሲፈለግ መጀመሪያ ምን ሞተር እንደነበረውና ወዴት እንደተላከ ይገኛል። ከመዝገቡ ጋር የሚስማማ ጀልባ ይወደዳል። እንዲያም ሆኖ የማደሻው ወጪ ከመሸጫው ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ወርክሾፑን ደግፈው የያዙት ጀልባቸውን የማይሸጡ ደንበኞች ናቸው፤ ከአባታቸው የወረሱትን ጀልባ አምጥተው፣ ከፍለው አሳድሰው ወደ ቤታቸው ይወስዱታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ወንድሜ አያቴ የሠሩትን የዝግባ በር ነቅሎ በአሉሚኒየም ሊተካው እንዳሰበ እማማ ነገረችኝ። አባባ፣ እባክዎ እንዳይነቀል! በሠራተኛ ሰፈር፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የእጅ ባለሙያ በኖረበት ቦታ፣ እንዲህ ያለ በር ስንት ቤት ቀርቷል? ያ ዝግባ ዛሬ በገንዘብ አይገኝም። የበሰበሰው ከደጃፉ እየፈናጠረ የክረምት ዝናብ የሚመታው የታችኛው ጫፉ ብቻ ይመስለኛል። ለዚያ ተብሎ ሙሉ በር አይጣልም።

የታመመውን ብቻ ቆርጠው በሰያፍ ይቀጥሉት። እኛ የቅጥሉን ሰያፍ ርዝመት የእንጨቱን ውፍረት 8 እጥፍ እናደርገዋለን፤ የበሩ ቋሚ ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሰያፉ 32 ይሆናል ማለት ነው። ከመቁረጥዎ በፊት ግን በመዶሻ አንኳኩተው ጤነኛው ከየት እንደሚጀምር ያረጋግጡ። የበሩን የታች ግንባር ደግሞ ደጋግመው ቫርኒሽ ያጠጡት፤ እንጨት ውኃ አብዝቶ የሚጠጣው በተቆረጠ ጫፉ በኩል ነው፤ ሰውም የሚረሳው ያንኑ ነው።

ለመቀጠያው እንጨት፣ ለቫርኒሹና ለነሐስ ብሎኑ የሚሆን ገንዘብ በዚህ ሳምንት በባንክ እልካለሁ። ወንድሜ የበሩን የታችኛውን ክፍል ከውስጥም ከውጭም ፎቶግራፍ አንስቶ ይላክልኝ። ለአሉሚኒየሙ ቀብድ ከፍሎ ከሆነ እኔ እተካለታለሁ፤ አይቆጡት። ሐምሌ ሳይገባ ሥራው ቢያልቅ ደስ ይለኛል። የአያቴ መላጊያ ምላጩ ካለቀ ልኩን ይጻፉልኝ፣ ከዚህ ፈልጌ እልካለሁ።

እማማን፣ ወንድሜንና ጎረቤቶቻችንን በሙሉ ሰላም በሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ