ይሄ ቅብጠት አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ልጆችን ከፀሐይ ስለመጠበቅ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ግን «ክሬም ቀቡትና ይጫወት» የምትለዋ ነገር እኛ ቤት አትሠራም። ልጄ 7 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት። ክሬም ጉንጩን ሲነካው እሳት የነካው ያህል ይጮኻል። እየቀበጠ አይደለም፣ እውነቱን ነው።

አንዴ ቸኩዬ እጁን ይዤ በግድ ቀባሁት። ፊቱን በእጅጌው ፈግፍጎ ፈግፍጎ አቀላው፣ ክሬሙም አብሮ ተጠረገ። ከዚያ በኋላ ቱቦውን ገና ሲያይ ጠረጴዛ ሥር መግባት ጀመረ። ምን አተረፍኩ?

አሁን ቅደም ተከተሉን ገልብጬዋለሁ፤ ክሬም መጨረሻ ነው የሚመጣው። ጨረሩ የሚበረታው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ስለሆነ፣ ስንችል ከዚያ በፊት ወይም በኋላ እንወጣለን፣ ካልሆነም ጥላ እንይዛለን። ቀጥሎ ልብስ ነው። ዩፒኤፍ (ጨርቅ ከፀሐይ ጨረር ምን ያህል እንደሚከላከል የሚያሳይ ቁጥር) 50 የሚል የተጻፈበት ጨርቅ ከጨረሩ የሚያሳልፈው ከ50 አንድ እጁን ብቻ ነው። እሱ ባይገኝ ያላችሁን ልብስ ወደ ብርሃን አንሱና እዩት፤ ወዲያ ማዶ ካሳያችሁ ፀሐይም ያልፈዋል። ችግሩ ልጄ አዲስ ልብስ ይኮሰኩሰዋል። ማርኩን በመቀስ መቁረጥ አይበቃም፣ የቀረችው ጫፍ አንገቱን ትወጋዋለች፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ስፌቱን ፈትቼ ነው የማወጣው፤ ከዚያ ደግሞ ሦስት አራቴ አጥቤ አለሰልሰዋለሁ። ኮፍያውንም ድንገት ውጭ አላደረግኩለትም። ቴሌቪዥን እያየ፣ መጀመሪያ ለአንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ለሁለት፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ለመደው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ የሚቀረው ፊት፣ ጆሮ፣ አንገትና የእጅ ጀርባ ነው። ክሬም በየ2 ሰዓቱ መደገም ስላለበት፣ የሚቀባው ቦታ ባነሰ ቁጥር ግብግቡም ያንሳል። ሽታ የሌለው፣ ኤስፒኤፉ (የክሬሙን የመከላከል አቅም የሚያሳየው ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ እመርጣለሁ። ዚንክ ኦክሳይድ የሚባል ነጭ ማዕድን ያለበት ዓይን ብዙም አያቃጥልም፣ ግን ወፍራም ነው፣ ነጭ ነጭ ያደርጋል፤ እኛ እንደ ሊፕስቲክ የሚሰመረው ነው የተስማማን። የሚረጨው ዓይነት ደግሞ ድምፁም ያስደነግጣል፣ ወደ ውስጥም ሊተነፍሱት ስለሚችሉ ፊት ላይ አይረጭም።

አነካኩም ለየት ይላል። በጣት ጫፍ ለስለስ አድርጎ መዳበስ ልጄን ይብስበታል፣ ጠበቅ ያለ መዳፍ ይሻለዋል (የእናንተ ልጅ ተቃራኒው ሊሆን ይችላል)። እጄ ላይ አሞቀውና እስከ 10 እቆጥራለሁ። 10 ላይ አቆማለሁ። አንዱ ጆሮ ቢቀርም አቆማለሁ፤ ቃሌን ካጠፍኩ ነገ ጠረጴዛው ሥር ነን። የቀረውን አንዳንዴ መስታወት ፊት ቆሞ ራሱ ይጨርሰዋል።

በነገራችን ላይ ልጃችሁ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ቆዳን በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል የሚያደርጉ መድኃኒቶች አሉ። ይቺን ብትጽፏት ጥሩ ነበር።

እና እባካችሁ፣ መንገድ ላይ ያገኛችሁን ሁሉ «ውይ፣ በዚህ ሙቀት ሙሉ እጅጌ አለበስሽው?» አትበሉኝ። ያንን ሸሚዝ እሺ ብሎ እስኪለብስ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

አንዲት እናት