ያበጠ ጉልበት አይታሽ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ደረጃ የሚመላለሱ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች፣ ድንጋይ የሚጭኑ ወጣቶች ጉልበታቸው ሲያብጥ «ሪህ ነው» ይባሉና ወይ ይታሻሉ ወይ የኮርቲዞን (እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት) መርፌ ይወጋሉ። ዳር አካባቢ ይህ በጣም ተለምዷል። እብጠቱ ግን ራሱ አጥፊ ነው።

የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት የደም ሥርም ነርቭም የለውም። ስለዚህ ሲሳሳ ቶሎ አያምም፣ ካለቀም በቀላሉ አይተካም። ጅማት ሲበጠስ ወይም ሜኒስከስ (በጉልበት አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ልም አጥንት) ሲቀደድ የመገጣጠሚያው የውስጥ ሽፋን ይቆጣል፤ ይወፍራል፣ ፈሳሽ ያመነጫል። ኢንተርሉኪን-1 እና ቲኤንኤፍ የሚባሉ ፕሮቲኖችም ይረጫሉ። እነዚህ ወደ ልም አጥንቱ ሕዋሳት ሲደርሱ፣ ሲገነቡ የነበሩት ሕዋሳት አፍራሽ ኢንዛይም ማምረት ይጀምራሉ። መጀመሪያ የሚቆረጠው ውሃ ይዞ ልም አጥንቱን የሚያለሰልሰው አግሪካን ነው፤ ይህ በጊዜ ከተደረሰበት መልሶ ሊሞላ ይችላል። ቀጥሎ ልም አጥንቱን አጥብቆ የያዘው የኮላጅን ክሮች መረብ ይበጠሳል፤ ያ ከሆነ በኋላ እንደነበረ የሚመልስ መድኃኒት የለም። የልም አጥንቱ ፍርፋሪ ደግሞ የውስጥ ሽፋኑን እንደገና ያስቆጣዋል። በዚህ ላይ ጉልበት ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ የጭኑን የፊት ጡንቻ ስለሚያሰንፍ ሸክሙ ሁሉ መገጣጠሚያው ላይ ይወድቃል።

የተቆጣ ሽፋን በኃይል ሲታሽ ይብስበታል። ስለ ኮርቲዞን መርፌ ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት አለ፦ 40 ሚሊ ግራም ትሪያምሲኖሎን የተባለውን የኮርቲዞን ዓይነት በየ3 ወሩ ለ2 ዓመት የተወጉት ጨዋማ ውሃ ከተወጉት ይልቅ ልም አጥንታቸው ሳስቷል፣ በሕመማቸውም ብልጫ አላሳዩም። ሐኪም አስቦበት አንዴ ቢወጋ ሌላ ነገር ነው፤ ደጋግሞ መወጋትን ግን አጥብቀን እንቃወማለን።

ሲያብጥ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለ15 ደቂቃ መያዝ። እብጠቱ ሲቀል በጀርባ ተኝቶ፣ የተጠቀለለ ፎጣ ከጉልበት ሥር አድርጎ ጉልበቱን ወደ ታች መጫን፤ 5 ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፣ 10 ጊዜ መደጋገም። ክብደት መቀነስም ይረዳል፤ 1 ኪሎ ሲቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በ4 ኪሎ ገደማ ይቀላል። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ግፊት ያለበት ሰው ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ከፋርማሲ በራሱ ገዝቶ አይውሰድ።

ጉልበቱ በድንገት አብጦ ከጋለና ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው። ባክቴሪያ ከገባ ልም አጥንቱን በቀናት ውስጥ ይጨርሰዋል። ለሳምንታት የቆየ እብጠት ከክብደት መቀነስና ከሌሊት ላብ ጋር ከመጣም ቲቢ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የጤና ባለሙያዎችን የምንለምነው፣ ፈሳሹ በመርፌ ተቀድቶ ሳይመረመር ኮርቲዞን እንዳትወጉ ነው። በፈሳሹ ውስጥ ያለው ነጭ የደም ሕዋስ በማይክሮ ሊትር ከ50,000 በላይ ከሆነ፣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ኢንፌክሽን ይታከም።

በቱሉ ዲምቱ አካባቢ የምንሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች