ስለ እህቴ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ለአባቴ

ይድረስ ለተወደዱና ለተከበሩ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? የእናቴስ ጤንነት እንዴት ነው? እኔ በእናንተ ጸሎት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ታናሽ እህቴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ማለፏን ከሰማሁ ወዲህ ደስታዬ ወሰን አጥቷል። ነገር ግን ባለፈው ሲደውሉልኝ «መንግሥት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ካልመደባት ጥማዱን በሬ ሸጬ፣ ከፍዬም ቢሆን እዚያው አስተምራታለሁ» ያሉኝ ነገር እጅግ ስላሳሰበኝ፣ በስልክ ተቆራርጦ ከሚቀር የማስበውን በጽሑፍ ላስረዳዎት ወድጃለሁ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስም በከንቱ የተገኘ አይደለም። በ1943 ዓ.ም. በኮሌጅነት ሲከፈት በአገራችን የመጀመሪያው እርሱ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ከየጠቅላይ ግዛቱ የላቀ ውጤት ያመጣው ተማሪ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ሰውም ከዚያ የወጡት ሚኒስትር፣ ሐኪምና ዳኛ ሲሆኑ እያየ፣ ለዚህ ያበቃቸው ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው ብሎ አመነ። እኔ ግን አንዱ ትልቅ ምክንያት ሲገቡም የተመረጡ መሆናቸው ይመስለኛል። በሩ የጠበበ ኮሌጅ ጎበዝ ተማሪ ይሰበስባል፤ ከሰበሰባቸው በኋላ ምን ያህል እውቀት እንደጨመረላቸው ግን ከበሩ ጥበት አይታወቅም።

ደግሞም ጠባቡ በር ዛሬ ያለው ዩኒቨርሲቲው ደጃፍ ላይ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። እህቴ እንዲህ ያለውን ወንፊት አልፋለች። ስለዚህ ደብረ ማርቆስም ብትመደብ ባሕር ዳር፣ «የትም ገባች» የሚያሰኝ ነገር የለም፤ ጎረቤትም እንዲህ ቢል አይስሙት።

እርስዎ ያልተነገረዎት ሌላም ነገር አለ። እህቴ የምትፈልገው ሲቪል ምህንድስና ነው። አንድ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ በገባ ዕለት ግን የሚፈልገውን ትምህርት አይጀምርም፤ የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት ተምሮ፣ ዲፓርትመንት የሚደርሰው በዚያ ዓመት ባመጣው ውጤት ተወዳድሮ ነው። ከአገሩ የላቁት በተሰበሰቡበት ቦታ ይህ ውድድር የከረረ ስለሚሆን፣ ትልቁን ስም አግኝታ የምትወደውን ትምህርት ልታጣ ትችላለች። ሌላ ቦታ ከፊተኞቹ ተርታ ተሰልፋ የፈለገችውን ብትማር ይሻላታል እላለሁ። ባሕር ዳር ያለው፣ ሰው እስከ ዛሬ «ፖሊ» የሚለው ተቋም ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተደረገ ትብብር በ1955 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን፣ በቴክኒክ ትምህርት የቆየ ልምድ አለው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረ በመሆኑ በዕድሜ ያንሳል፤ ለቤታችን ግን ቅርብ ነው፤ መንገድ በሚዘጋበት በዚህ ዘመን ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። መንግሥት የሚመድባት ከሆነ እርስዎ አስቀድመው የሚከፍሉት የትምህርት ክፍያ የለም፤ እርሷ የወጪ መጋራት ውል ትፈርምና የምግቡን፣ የማደሪያውንና የትምህርቱን ወጪ ድርሻዋን ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ከደመወዟ እየተቆረጠ ትከፍላለች። ይህ ደንብ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግን በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ በራሱ ፈተና አወዳድሮ፣ መንግሥት ከሚደግፋቸው ሌላ በግላቸው የሚከፍሉትንም ይቀበላል። በግል ስትማር ክፍያው አንድ ጊዜ የሚያበቃ አይደለም፤ በየሴሚስተሩ ይመጣል፤ የቤት ኪራዩና የምግቡ ወጪ ደግሞ በየወሩ። የጥማድ በሬ ዋጋ የመጀመሪያውን ዓመት ቢችል፣ ምህንድስና አምስት ዓመት ነውና የቀረውን በምን እንችለዋለን? እርስዎስ በዚህ ዕድሜዎ የሰው በሬ ሲለምኑ፣ አለዚያም መሬቱን ለእኩል ሰጥተው ሲቀመጡ ማየት ለእኔ ትልቅ ሐዘን ነው።

በምሠራበት የሕንፃ ተቋራጭ ቤት አዲስ ተመራቂ ስንቀጥር የአንድ ቢምና የአንድ ኮለን፣ ማለትም የአግዳሚና የቋሚ ምሰሶ፣ ሥዕል አስቀምጠን፣ የሚያስፈልገውን ፌሮ (የኮንክሪት ብረት) በቁጥር፣ በርዝመትና በኪሎ እንዲያወጡ እንጠይቃለን። ባለፈው ከመጡት አንዱ ከስመ ጥር ተቋም የወጣ፣ ቀመሩን በቃሉ የሚያውቅ ልጅ ነበር፤ ሥዕሉን ማንበብ ግን አቃተው። ከተከፈተ ብዙ ዓመት ካልሆነው ዩኒቨርሲቲ የመጣች ልጅ ደግሞ ባለ 12 ሚሊ ሜትሩን ፌሮ በሜትር 0.888 ኪሎ ብላ አባዝታ፣ ፌሮው ገበያ ላይ በ12 ሜትር ርዝመት ስለሚሸጥ እንዴት ቢቆረጥ አነስተኛ ቁራጭ እንደሚባክን ጭምር ጽፋ አስረከበችን። የት እንደተማረችው ስንጠይቃት መምህሯ ሳይት እየወሰደ ብረት ያስቆጥራቸው እንደነበር ነገረችን። የተገላቢጦሹንም አይቻለሁና ከአንድ ሰው ተነሥቼ ሕግ አላወጣም፤ ቢሆንም በምህንድስና ሥራ የመምህሩ ትጋት ከተቋሙ ስም ይልቅ ጎልቶ እንደሚታይ ደጋግሜ ታዝቤአለሁ።

ይህንን ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም። ከዲማ ጊዮርጊስ ስንቅዎን ይዘው ቅኔ ለመማር ወደ ዋሸራ ሲሻገሩ አስቀድመው የጠየቁት «የኔታ ማን ናቸው?» ብለው እንደነበር ራስዎ አጫውተውኛል። ዋሸራም ጎንጅም ስማቸው የገነነው በዚያ በተቀመጡ የቅኔ መምህራን ነው፤ መምህሩ ቦታ ሲቀይሩም ተማሪው ተከትሏቸው ይሄድ ነበር። ስለ እህቴም እንደዚያው እንጠይቅላት፦ የሲቪል ምህንድስና መምህራኑ እነማን ናቸው? ቤተ ሙከራው ይሠራል ወይስ ተቆልፎ ነው የሚውለው? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ተመራቂ የሚወስደውን የመውጫ ፈተና ከዲፓርትመንቱ ስንቱ አለፈ? ይህ ፈተና ለሁሉም አንድ ስለሆነ፣ እኔ ከዝናው ይልቅ በእርሱ ማመዛዘንን እመርጣለሁ።

ስም ምንም አይጠቅምም አልልም። ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ አገር ለሚያመለክት ሰው የታወቀ ስም ያግዛል፤ አብረው የሚማሩት ጎበዞችም ኋላ በሥራ ዓለም ወዳጅ ይሆናሉ። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲውን ፈተና አልፋ በመንግሥት ድጋፍ አዲስ አበባ ብትገባ እሰየው፣ እኔም እዚሁ ስላለሁ ዓይኔን አልነቅልባትም። የምለምንዎት ለስሙ ብለው በሬ እንዳይሸጡ ነው። አጎቴ ስላነሡት የግል ኮሌጅ ደግሞ ፈቃድ የሚሰጠው ለየትምህርት ዘርፉና ለየካምፓሱ ስለሆነ፣ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለዚያው ዘርፍ በዚያው ካምፓስ ፈቅዶለት እንደሆነ ሳይጣራ መመዝገቢያ እንዳይከፈል ይንገሩልኝ።

ምርጫዋን በምትሞላበት ጊዜ ባሕር ዳርን አንደኛ፣ ደብረ ማርቆስን ሁለተኛ ብታደርግ የእኔ ሐሳብ ነው፤ የመጨረሻውን ቃል ግን ለእርስዎና ለእርሷ ትቻለሁ። የምትማርበትን ላፕቶፕና የመጀመሪያውን ዓመት የኪስ ገንዘቧን እኔ እችላለሁ። የመምህራኑን ነገር ፖሊ ከሚማሩ የማውቃቸው ልጆች ጠይቄ የነገሩኝን በሚቀጥለው ሳምንት ደውዬ እነግርዎታለሁ፤ እስከዚያ በሬዎቹን ለገበያ እንዳያወጧቸው።

እናቴን፣ እህቴንና አጎቴን ሰላም በሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ፣
ከአዲስ አበባ