ሁለተኛ በርሜል እንፈልጋለን

ባለፈው የዝናብ ወቅት ከሁሉ የበረታው ዝናብ በወረደ ማግስት፣ ገና ሲነጋ ወደ ተዳፋቱ ወጣን። ከተዳፋቱ የሚታጠበውን አፈርና ውሃ የምንለካበት በርሜል እስከ አፉ ሞልቶ፣ ዙሪያው በደለል ተለስኖ ጠበቀን። ስንት ሊትር እንደፈሰሰ ማወቅ አልተቻለም። መዝገቡ ላይ የሰፈረው «ሞልቶ ፈሰሰ» የሚል ብቻ ነው።

ቀላል ጉድለት አይደለም። ከተዳፋት መሬት በዓመት ከሚታጠበው አፈር አብዛኛውን የሚወስዱት ጥቂት ኃይለኛ ዝናቦች ናቸው። ካፊያውን ሁሉ በትጋት ስንለካ ከርመን ዋናው አመለጠን።

ነገሩ ከጠብታ ይጀምራል። 5 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጠብታ በሰከንድ 9 ሜትር ያህል እየተምዘገዘገ ራቁቱን አፈር ይመታል፤ ጓሉን ይፈረካክሳል፣ ቅንጣቱን ያፈናጥራል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ የተፈናጠረው ወደ ታች ያደላል። (ከዝናብ በኋላ ግድግዳ ግርጌ የሚታየው የጭቃ ርጭት የዚሁ ሥራ ነው።) ደቃቁ አፈር የመሬቱን ቀዳዳ ሲደፍን ውሃው መስረጉን ትቶ ይወርዳል፣ ይጠራቀማል፣ ቦይ ያወጣል፤ ቦዩ ችላ ከተባለ ቦረቦር ይሆናል። ቦረቦርን ሁሉም ያያል። አንድ ሚሊሜትር አፈር ሲታጠብ ግን ልብ የሚል የለም፤ ከ1 ሄክታር ላይ 10 ሜትር ኩብ፣ በክብደት 12 ቶን ያህል ማለት ነው።

ጎን ለጎን ሦስት መደቦች፣ ማለትም የመለኪያ ቁራጭ መሬቶች፣ አሉን፦ አንዱ ራቁቱን የተተወ፣ አንዱ በገለባ የተሸፈነ፣ አንዱ እርከን የተሠራለት። ዙሪያቸው በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ጎርፉ ከታች ወዳለው በርሜል ይወርዳል። በርሜሉን በደንብ አማስለን አንድ ሊትር እንቀዳለን፣ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርቀን እንመዝናለን።

ችግኝ ለመትከል እጁን የማይዘረጋ የለም። በርሜል ግን ለፎቶግራፍ አያምርም፣ ለጋሽም አያገኝም። እኛ የምንለምነው እሱን ነው፦ ለየመደቡ ሁለተኛ በርሜል፣ ከመጀመሪያው ከሚተርፈው ውሃ የታወቀ ድርሻ ብቻ ወደ ሁለተኛው የሚያሳልፍ ከፋይ ሳጥን፣ እንዲሁም አንድ የማይዋሽ ሚዛን። ገንዘብ ያልተመቸው ያገለገለ በርሜል ይስጠን፤ ዘይት የነካው ከሆነ ማጠቡን እኛ እንችልበታለን። ጊዜ ያለው ዝናብ በጣለ ማግስት አብሮን ይውጣ። ወጪው ከነደረሰኙ፣ ልኬቱም ከነጉድለቱ ለሁሉም ይገለጣል፤ እርከኑ እንዳሰብነው ባይሠራ እንኳ አንደብቅም።

በርሜሎቹን ለመቅበር መቆፈር ግድ ነው። ቁፋሮው ካልረጋ ደግሞ የራሱ አፈር ታጥቦ በርሜሉ ውስጥ ይገባና ልኬቱን ያበላሻል፤ ስለዚህ ድጋፋችሁ ዝናቡ ከመግባቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ቢደርሰን ይሻላል።