ግልጽ ደብዳቤ፦ በኩታ ገጠም ስለምንዘራው ስንዴና ስለ ዋግ

ለአማራ ክልል ግብርና ቢሮ
ባሕር ዳር

ክቡራን የቢሮው ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በማቻከል ወረዳ ተወልጄ ያደግሁና ዛሬም ከወንድሞቼ ጋር ስንዴ የምዘራ ሰው ነኝ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ዋግ የተባለውን፣ ፈንገስ የሚያመጣውን የስንዴ በሽታ በአንድ ዘረ መል (ባሕርይን ከዘር ወደ ዘር በሚያስተላልፍ ቅንጣት) ብቻ የሚቋቋም የስንዴ ዝርያ ለኩታ ገጠም ማሳ፣ ማለትም ጎን ለጎን ተያይዞ በአንድነት ለሚታረስ መሬት፣ እንዳይታደል።

አንድ ዓመት በጥቅምት አባቴ ማሳውን ሊያይ ገብቶ ሲመለስ የነጭ ጋቢው ጫፍ ሸክላ የተፈጨበት ይመስል ቀልቶ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት መንገደኛ ቆሞ ያደነቀው አዝመራ ግንዱ በዋግ ተሰነጣጥቆ ተኝቶ፣ በኅዳር ወቅተን ያነሣነው የተጨማደደ ፍሬና ገለባ ሆነ። የጎረቤቶቻችንም እንዲሁ ነበር፤ ሁላችንም የዘራነው አንድ ዓይነት ዘር ነበርና። ዘሩ ሲታደለን ዋግ አይነካውም ተብለን ነበር። ያሉንም በጊዜው እውነት ነበር ብዬ አምናለሁ፤ አንድ ዘረ መል የሚለየው ግን የዋጉን አንድ ምልክት ብቻ ነውና፣ ፈንገሱ ያን ምልክት የለወጠ ዕለት ጥበቃው ያበቃል።

ይህ በእኛ ቀበሌ ብቻ የደረሰ አይደለም። ኤስ አር 31 የተባለውና ራይ ከሚባል የስንዴ ዘመድ የተገኘው ዘረ መል ለብዙ ዓመታት የዓለምን ስንዴ ከግንድ ዋግ ሲጠብቅ ኖሮ፣ በ1998 እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ ውስጥ እሱን የሚያልፍ ዋግ ተገኘ። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌላ የግንድ ዋግ ዘር ተነሥቶ በአርሲና በባሌ ተስፋ የተጣለበትን ዲጋሉ የተባለ የስንዴ ዝርያ አጠፋው።

እኛ ዘንድ በስንዴ መካከል የበቀለ ሣር እንደ እንክርዳድ ታርሞ ይጣላል። ይሁንና የስንዴ የሥጋ ዘመድ የሆኑ የዱር ሣሮች አሉ፤ አንደኛው ኤጂሎፕስ ታውሺ የሚባለው ሲሆን፣ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በካስፒያን ባሕር አካባቢ ይታረስ ከነበረ ስንዴ ጋር ተዳቅሎ የዛሬውን የዳቦ ስንዴ ያስገኘው እሱ ነው። ያ መዳቀል የተፈጸመው በጥቂት ተክሎች መካከል ስለሆነ፣ ሣሩ ከዋግ ጋር ሲታገል ያካበተው መከላከያ አብዛኛው ወደ ስንዴያችን ሳይገባ በዱር ቀርቷል። ኤስ አር 33 ከዚሁ ሣር፣ ኤስ አር 35 ደግሞ አይንኮርን ከሚባለው ጥንታዊ ስንዴ የተገኙ ናቸው።

ሥራው ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከሩቅ ዘመድ የሚመጣው ክሮሞሶም (ዘረ መሎች የተሰደሩበት ክር) ከስንዴው ጋር አልገጥም ስለሚል፣ አሜሪካዊው ኧርነስት ሲርስ በ1956 እ.ኤ.አ. የቅጠል ዋግ መከላከያን ከዱር ሣር ወደ ስንዴ ያሻገረው ክሮሞሶሙን በኤክስሬይ ሰብሮ ነው። ከመልካሙ ዘረ መል ጋር የማይፈለግ ባሕርይም ተጎትቶ ይገባል፤ ኤል አር 19 የተባለው ከሌላ የዱር ሣር ሲመጣ ዱቄቱን ቢጫ አድርጎት ነበር። ስለዚህ ድቅሉን ከስንዴው ጋር ደጋግሞ ማዳቀልና መምረጥ ግድ ነው፣ ይህም ዓመታት ይወስዳል። የበጀት ጥያቄዬም ከዚህ ይነሣል፤ በየዓመቱ የሚቋረጥ ገንዘብ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ፍሬው ግን ያስደንቃል። በ2021 እ.ኤ.አ. አምስት የዋግ መከላከያ ዘረ መሎችን በአንድ ላይ አሥረው ወደ ስንዴ ያስገቡ ተመራማሪዎች፣ ስንዴው ለብዙ የግንድ ዋግ ዘሮች ሳይበገር መገኘቱን አሳይተዋል። ያ በዘረ መል ምሕንድስና የተሠራ ነው፤ የእኛ ባለሙያዎች በተለመደው ማዳቀል ሁለትና ሦስት ዘረ መል በአንድ ዝርያ ቢያሰባስቡ እንኳ፣ ዋጉ ሁሉንም በአንዴ ማለፍ ስለሚያስፈልገው ይከብደዋል።

ጎጃም ለዋግ የተመቸ አገር ነው። በጮቄ ግርጌ ባለው ደጋ ቢጫ ዋግ፣ ወረድ ብሎ ሞቅ ባለው ደግሞ የግንድ ዋግ ይፈታተነናል። አሁን በቆጋ በበጋ መስኖ ስንዴ ይዘራል፤ ምርቱ የሚያስደስት ቢሆንም፣ ዋግ በሕይወት ባለ ተክል ላይ ብቻ የሚኖር ነውና ከመኸር እስከ መኸር የሚሻገርበት ድልድይ ሊሆነው ይችላል። ኩታ ገጠሙንም እደግፋለሁ፤ በአንድነት ማረስ፣ ማረምና ማጨድ ጠቅሞናል። ነገር ግን መቶ ሄክታር በአንድ ዝርያ ሲሸፈን፣ አንዱን ማሳ ያለፈ ዋግ ሁሉንም ያልፋል።

ስለዚህ ቢሮው ከአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ጋር ሆኖ፣ የሚታደለው እያንዳንዱ ዝርያ ለየትኛው የዋግ ዓይነት እንደተፈተነና በስንት ዘረ መል እንደሚቋቋም ለወረዳ ባለሙያዎች በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፣ በአንድ ኩታ ገጠም ቢያንስ ሁለት የተለያየ መከላከያ ያላቸው ዝርያዎች እንዲዘሩ እንዲያደርግ፣ ለማዕከሉም የዱር ዘመዶችን ለማዳቀል የማይቋረጥ በጀት እንዲያዝ እጠይቃለሁ። የመኸር ዘር ዕደላ በግንቦት ስለሚጀመር፣ ቢያንስ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ከዚያ በፊት መልስ ቢያገኝ ለዘንድሮው አዝመራ ይደርስልናል።

ከአክብሮት ጋር
ከማቻከል ወረዳ አንድ ስንዴ አምራች