«አቀጣጥል» የሚለው ቁልፍ ለምን ጠፋ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ባለፈው ማክሰኞ ማታ ኮምፒውተራችሁ ላይ ምድጃችሁን ከሩቅ የምታዙበትን ገጽ ስትከፍቱ «አቀጣጥል» የሚለው ቁልፍ ደብዝዞ ጠበቃችሁ። ብትጫኑት ብትጫኑት አይሠራም። «ጨምር»፣ «ዳፍን» እና «አጥፋ» ግን እንደነበሩ አሉ። ከዚያች ማታ ወዲህ ስልኬ አላረፈም።

ሳንነግራችሁ፣ ያውም በዚህ ብርድ መዝጋታችን ጥፋት ነው። ይቅርታ። መዝጋቱ ራሱ ግን ጥፋት አይደለም። እሱን ትንሽ ረዘም አድርጌ ላስረዳችሁ።

አንዳንዶቻችሁ «ቆልፈው መልሰው ሊሸጡልን ነው» ብላችኋል። አንድ ደንበኛ ደግሞ በስልክ ሌባ ብሎኛል። የበረደው ሰው ብዙ ይናገራል ብዬ ዝም አልኩ። ግን ያቺ ቃል እስካሁን ከሆዴ አልወጣችም።

ነገሩ የመጣው በጋቢ ነው። ፒያሳ አካባቢ የሚሠራ አንድ ደንበኛችን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከቢሮው ኮምፒውተር ምድጃውን አቀጣጠለ። ቤቱ ሞቆ ሊጠብቀው ነው። ለዚህ ነው የገዛው፤ እኔም ለዚህ ነው የሸጥኩለት። ገጹ ላይ ሁሉም ነገር ያምራል። የጭስ ማውጫው ሙቀት 60፣ ከዚያ 110፣ ከዚያ 160። የክፍሉ ከ13 ወደ 16። ሰውዬው ደስ ብሎት ላፕቶፑን ዘግቶ ታክሲ ሊሰለፍ ወጣ።

ቤት ውስጥ ደግሞ የምታግዛቸው ልጅ ጋቢ አጥባለች። ፀሐይ ስላልነበረ አጣጥፋ ምድጃው ላይ አሰጣችው። ምድጃው ቀዝቃዛ ነው፤ ምን ታድርግ? ፒያሳ የተቀመጠ ሰው እሳት ሊለኩስባት እንደሚችል ማንም አልነገራትም። ሕፃኑን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ወጣች። ስትመለስ ሽታው አጥሩ ጋ ተቀበላት።

ጋቢውን አምጥተው አሳዩኝ። አራት እጥፍ ነበር የተሰጣው። ስዘረጋው የምድጃው ክዳን አራት ቦታ ታትሞበታል። ምድጃውን የነካው እጥፍ ጥቁር፣ ቀጣዩ ቡናማ፣ ሦስተኛው ሻይ የመሰለ፣ የላይኛው ገርጣ ያለ ቢጫ። ጥቁሩን በጣቴ ስነካው እንደ ደረቅ ቅጠል ረገፈ። ጥለቱ ደህና ነው። ልጅቷ አምስት ደቂቃ ብትዘገይ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም፤ ማሰብም አልፈልግም።

ሴንሰራችን አልዋሸም። ቧንቧው ላይ ተቀምጦ የጭሱን ሙቀት ይለካል፤ የጭሱ ሙቀት ደግሞ ትክክል ነበር። ጋቢ መኖሩን የሚያውቅበት ዓይን የለውም። አንድ ደንበኛ «ካሜራ ግጠሙለት» አለኝ። ወንድሜ፣ ሳሎንህ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ካሜራ ተክዬ ልይህ?

ሌላም አለ፤ ይህኛው የራሴ ቤት ነው፣ ሳልደብቅ ልናገር። በክረምት ዝናብ እንዳይገባ ብሎ ወንድሜ ጭስ ማውጫው ላይ ጣሳ ደፋበት። ለበጎ ነው። እኔ ደግሞ እናቴ እንዳይበርዳት ብዬ ከሥራ ቦታ ሆኜ አቀጣጠልኩ። ጭሱ መውጫ ሲያጣ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። እናቴ የጭስ ልጅ ናት፤ ገና ዓይኗን ሲቆጠቁጣት በሩን ከፍታ ወጣች። እኔን የሚያስፈራኝ ግን የሚቆጠቁጠው ጭስ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ኃይል ነው። ከሰል አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኝተው በዚያው የቀሩ ሰዎች ወሬ ብርድ በመጣ ቁጥር የምንሰማው በዚሁ ምክንያት ነው።

«እንፈርምላችኋለን፣ ኃላፊነቱን እንወስዳለን» ያላችሁ ብዙ ናችሁ። አመሰግናለሁ። ግን እስኪ አስቡት። የሚፈርመው ቦሌ ወይም ፒያሳ ላፕቶፕ ፊት ያለው ሰው ነው። ምድጃው አጠገብ ያለው ሌላ ነው፤ ሕፃን ነው፣ አያት ናቸው፣ ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ናት። እነሱ አልፈረሙም። ብዙዎቹ ገጹን አይተውት አያውቁም።

ያንን ቁልፍ የዘጋሁት ስለማልወደው አይምሰላችሁ። ከሁሉም አብልጬ የምኮራበት እሱ ነበር። ድሮ በርና መስኮት በያጅ ነበርኩ። ሱሉልታ ስገባ ነው ብርድ ምን እንደሆነ ያወቅኩት። ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወጥታችሁ፣ እንጦጦን ተሻግራችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ሹራባችሁ ይከዳችኋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሜዳው አመዳይ ለብሶ ነጭ ይሆናል። የመጀመሪያውን ምድጃ ከተራረፈ ላሜራ፣ ከውጭ የመጣ ንድፍ እያየሁ ሠራሁት። ጭሱ ዓይን አወጣ። ምክንያቱ እስኪገባኝ ሦስት ወር ፈጀ። ንድፉ ዝቅ ላለ አገር የተሠራ ነው። እኛ ከባሕር ጠለል ከ2500 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ በሩብ ያህል ስስ ነው። እሳቱን አየር የሚነፋለትን ፋን ሳፈጥነው እሳቱ ጠራ።

ማገዶው ከእንጨት ቤቶች የምንሰበስበው ሰጋቱራ ነው። በአሮጌ የመኖ ማሽን ጨምቀን እንደ ባቄላ እናደርገዋለን። ይህን ያየ የከብት አርቢ ጎረቤቴ «ላሞቼ ይበሉታል ወይ?» ብሎኝ ነበር።

ኮምፒውተሩ የመጣው ለእናቴ ስል ነው። ሌሊት እሳት ለመጨመር መነሳት አቃታት። ጣት የምታክል፣ ኢኤስፒ32 የምትባል የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ ሙቀት የሚለካ ሽቦና ሲም ካርድ ገዝቼ በልጄ የምሳ ዕቃ ውስጥ ገጠምኳቸው። የመጀመሪያው ሳጥን የምሳ ዕቃ ነው፤ እስካሁን አለ። ከአልጋዬ ሆኜ በላፕቶፕ እሳቷን አያለሁ። የቁልፎቹንም ስም ያወጣችው እሷ ናት። እኔ «ዝቅተኛ» ብዬ የጻፍኩትን አይታ «ይኼ እኮ መዳፈን ነው» አለች። እውነቷን ነው።

ስለ ገንዘብም ተነስቷልና ልናገር። ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ዛሬ ከእጥፍ በላይ ነው። ገጻችሁ ያለበት ሰርቨር የሚከፈለው በዶላር ነው። ሰሌዳውም ሽቦውም የሚመጣው ከውጭ ነው። የእናንተን ዓመታዊ ክፍያ ግን አንድ ብር አልጨመርኩም። በምሳ ዕቃ ዘመን አምነው የገዙኝ ሰዎች አሉ፣ በእነሱ ላይ እጄ አልሄደም። ለመጪው መስከረም ቃል መግባት አልችልም። ቁልፍ ቆልፎ መሸጥ ብፈልግ ኖሮ ግን ስንት ጊዜ ነበረኝ!

መልስ ያጣሁላት አንድ ደንበኛ አለች። ውጭ አገር ነው የምትኖረው። እናቷ እዚህ ብቻቸውን ናቸው፣ ከወንበር መነሳት ይከብዳቸዋል። ማታ ማታ ከዚያ ሆና ታቀጣጥልላቸው ነበር። «የእናቴን ክፍል ሙቀት ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም» ብላ ጻፈችልኝ። ሙቀቱን አሁንም ታያለች። እሳቱን ግን መለኮስ አትችልም። ለጊዜው ከሥራ ቤታችን አንድ ልጅ ማታ ማታ እየሄደ ምድጃውን አይቶ ይለኩስላቸዋል። ይህ መፍትሔ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለሁሉም ቤት ሰው መላክ አልችልም።

ከአሁን በኋላ አሠራሩ እንዲህ ነው። ቤት ያለ ሰው ምድጃውን ዞር ዞር ብሎ አይቶ ሳጥኑ ላይ ያለውን ቀይ ቁልፍ ይጫናል፤ እሳቱ ይያዛል። ከዚያ በኋላ የትም ብትሆኑ መጨመር፣ መዳፈን፣ ማጥፋት ትችላላችሁ። ኔትወርክ ከጠፋ ሳጥኑ ራሱ ያዳፍናል። መብራት ከሄደም ፋኗ 12 ቮልት ስለሆነች፣ የገባው ማገዶ ነዶ እስኪያልቅ በባትሪዋ ትሠራለች። ቤት ሰው ከሌለ ግን ቤቱ ቀዝቃዛ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ለግማሽ ሰዓት ያህል ጋቢ ደርባችሁ ሻይ ማፍላት ነው እንግዲህ።

ጭስ ማውጫ ጠረጋ እስከ ጥር መጨረሻ ያለ ክፍያ እንሠራለን። ደውሉልን፣ ጣሳ የደፋችሁም አትፈሩ፣ አንቆጣም።

በዚህ የማይስማማ ደንበኛ ሳጥኑን እስከ ጥር 30 ይዞ ይምጣ፤ ገንዘቡን እመልሳለሁ። ብዙ ሰው ከመጣ ግን በአንዴ መክፈል ስለማልችል በሁለት ጊዜ እንድትቀበሉኝ እለምናለሁ። ምድጃው ያለ ሳጥኑም በእጅ ይሠራል። ከእሁድ በቀር ሁልጊዜ አለን። ለልጅቷ አዲስ ጋቢ ገዝተን የተቃጠለውን እኛ ጋ አስቀርተነዋል፤ በሩን አልፋችሁ ስትገቡ በስተግራ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

ከአክብሮት ጋር፣
የምድጃ ሥራ ቤቱ ባለቤት