የኦንላይን ተማሪም የሀገሩን የሥራ ሕግ ይማር፦ ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን

ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በኦንላይን ስለሚሰጠው የሰው ሀብት አስተዳደር ትምህርት

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። ጣና ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ፣ በፐርሶኔል ክፍል እሠራለሁ። ከሥራ ስወጣ ደግሞ በኦንላይን የሰው ሀብት አስተዳደር እማራለሁ። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ አንድ ኮሌጅ እንዲቀጣልኝ አይደለም የምጽፈው። ለኮሌጆች ዕውቅና የምትሰጡት እናንተ ስለሆናችሁ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት።

የምጠይቀው ይህንን ነው። የሰው ሀብት አስተዳደርን በኦንላይን የሚያስተምር ኮሌጅ ሁሉ የኢትዮጵያን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የትምህርቱ መሠረት ያድርግ። ተማሪውንም በሚኖርበት ከተማ፣ በእውነተኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተግባር ያሠራ። ይህን የማያደርግ ፕሮግራም ዕውቅና አያግኝ።

ኦንላይን ትምህርት ይቅር የምል እንዳይመስላችሁ። ለእኛ ለፈረቃ ሠራተኞች ሌላ መንገድ የለንም። ሆቴል ውስጥ ሥራ የሚበዛው ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ስለዚህ የቅዳሜና እሑድ ክፍል አይሆንልንም። የማታውም ያው ነው። የከሰዓት ፈረቃ የገባ ሰው በምን ተአምር ክፍል ይደርሳል? ልጅ ያላት እናት ልጇን አስተኝታ፣ ስልኳን ከፍታ መማር የምትችለው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። መራዊ ወይም ሐሙሲት ለሚኖር ሰውም በየቀኑ ባሕር ዳር ድረስ መመላለስ ቀላል ወጪ አይደለም። ትምህርቱ ይኑር። ይኑርና ይስተካከል።

የሚያሳስበኝ የምንማረው ነገር ነው። የተሰጠን ሞጁል ከውጭ መጽሐፍ እንዳለ የተገለበጠ ነው። ስለ ስንብት የሚያወራውን ምዕራፍ ብታዩት የአሜሪካንን አሠራር ነው የሚያስተምረው። እዚያ ከሞንታና በስተቀር በሁሉም ግዛቶች የተለየ ውል ከሌለ አሠሪው ምክንያት ሳይሰጥ ሠራተኛውን ማሰናበት ይችላል። እኛ ሀገር እንዲህ ያለ ነገር የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ ማለትም ቀን ሳይሰጠው ወዲያውኑ፣ የሚሰናበትባቸውን ምክንያቶች አንቀጽ 27 ላይ አንድ በአንድ ዘርዝሯል። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ያረፈደ ሰው ይሰናበታል። በዚያው ጊዜ ውስጥ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በድምሩ አምስት ቀን ከሥራ የቀረም እንዲሁ። አሠሪውም ምክንያቱን ካወቀ በኋላ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልወሰነ መብቱ ያልፍበታል። ይህን ሳያውቅ የስንብት ደብዳቤ የሚያረቅ ሰው ሠራተኛውን ካለ አግባብ ከእንጀራው ያፈናቅላል፤ ድርጅቱንም ለካሳ ይዳርገዋል።

የወሊድ ፈቃዱም እንደዚያው ነው። ሞጁላችን እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣውን የአሜሪካ ሕግ ጠቅሶ እስከ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ይላል። በእኛ አዋጅ ግን ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ደመወዝ እየተከፈላት ታርፋለች። አባትም የሦስት ቀን ፈቃድ አለው። ፈተና ላይ የመጣልን የትኛው ይመስላችኋል? 12 ሳምንቱ ነው። ነገ ነፍሰ ጡር የሆነች የሥራ ባልደረባችን ቢሮ መጥታ «ስንት ቀን አለኝ?» ስትል፣ በጥሩ ውጤት ያለፈው ተማሪ ምን ብሎ ይመልስላታል?

የውጭውን አትማሩ እያልኩ አይደለም። የሥራ ትንተና፣ የምልመላ፣ የአፈጻጸም ምዘና ትምህርቱ የትም ሀገር ቢጻፍ ይጠቅማል። እኔም ብዙ ተጠቅሜበታለሁ። ሕጉ ግን የሀገር ነው። ሰው የሚቀጠረውም፣ የሚካሰውም፣ የሚሰናበተውም በዚሁ ሕግ ነው።

ፔይሮል፣ ማለትም የደመወዝ ሒሳብ ላይ ስንቀመጥ ነገሩ ይበልጥ ይገባችኋል። ለጥምቀት ሆቴላችን አልጋ አይገኝበትም። አስተናጋጁ፣ ወጥ ቤቱ፣ ጥበቃው በዓሉን ሥራ ላይ ነው የሚውለው። ወሩ ሲያልቅ የሰዓት መቆጣጠሪያው ወረቀት ጠረጴዛችን ላይ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ሰዓት የራሱ ሒሳብ አለው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በ1.75። በሳምንት የዕረፍት ቀን ከሆነ በ2። በሕዝብ በዓል ቀን ከሆነ በ2.5። የሰዓት ክፍያዋ 30 ብር የሆነ አስተናጋጅ በጥምቀት ዕለት አራት ትርፍ ሰዓት ብትሠራ 300 ብር ይገባታል። ሒሳቡን የሚሠራው ሰው በተራ ቀን ካሰላላት የሚደርሳት 180 ብር ነው። 120 ብሯ እዚያው ቀረ። ማንም አልሰረቃትም፤ የሚያውቅላት ሰው ነው ያጣችው። ለልጇ ደብተር የምትገዛበት ገንዘብ ነው ይሄ።

ይህን ሒሳብ ያወቅኩት ቢሮ ውስጥ ከነበሩ አንድ ጋሼ ነው። ጡረታ ከደመወዝ ላይ ከሠራተኛው 7 ከመቶ፣ ከአሠሪው ደግሞ 11 ከመቶ መሆኑንም ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ጋሼ ባይኖሩስ? ብዙ ቦታ እንደሳቸው ያለ ሰው የለም። አዲስ ተመራቂ ብቻውን ነው የሚቀመጠው።

ሌላም አለ። ባሕር ዳር የክልል ዋና ከተማ ናት፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሞልቷታል። የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በ1156 አይደለም፤ የራሱ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ አለው። የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛው፣ የአበባ እርሻ ሠራተኛዋ፣ የሆቴል አስተናጋጁ ደግሞ በ1156 ሥር ናቸው። ከእኔ ጋር የሚማሩት ግማሹ ከመንግሥት ቢሮ፣ ግማሹ ከግል ድርጅት የመጡ ናቸው። ልዩነቱን ግን የነገረን መምህር የለም።

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ። የዘጌ ሰው ልጁን የደንገል ታንኳ መቅዘፍ ሲያስተምረው ዳር ላይ አስቀምጦ አያወራለትም፤ ይዞት ሐይቁ ላይ ይገባል። ይህ ሙያም እንደዚያ ነው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎ የማያውቅ፣ የሠራተኛ ማኅደር ከፍቶ ያላየ፣ የቅጥር ቃለ ጉባኤ ያልያዘ ሰው የሰው ሀብት ባለሙያ ነኝ ሊል አይችልም። እኛ ግን ከምዝገባ እስከ መጨረሻው ስላይድ እያነበብን፣ ምርጫ እየመለስን ልንመረቅ ነው።

ለኮሌጁ አስቸጋሪ ነው እንዳትሉኝ። ተማሪው ያለው ከተማ ውስጥ ነው፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ መሥሪያ ቤት አለ። ኮሌጁ ከሆቴሎች፣ ከፋብሪካዎች፣ ከከተማው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ጋር ይዋዋል። ተማሪው ጥቂት ሳምንት ይሥራ፤ የክፍሉ ኃላፊ ያየውን ሞልቶ ይላክ። የሥራ ክርክር ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ተማሪው ገብቶ አንድ የስንብት ክርክር ያዳምጥ። እዚያ አንድ ረፋድ መቀመጥ ከስንት ስላይድ ይበልጣል።

ለእናንተም የሚጠቅም ነገር አለው። «አሳይመንት እንሠራለን» የሚሉ የቴሌግራም ቻናሎች እንደ አሸን ፈልተዋል። ጥያቄው ከመጽሐፍ የተገለበጠ ከሆነ መልሱም በብር ይገዛል። «የምትሠራበትን ድርጅት የሥራ ደንብ ከአዋጁ ጋር አመሳክርና የጎደለውን ጻፍ» ብላችሁ ብታዙ ግን ማን ይሸጥለታል? ድርጅቱን የሚያውቀው ተማሪው ራሱ ነው። በቃል ሲጠየቅም ሠርቶት እንደሆነና እንዳልሆነ ወዲያው ይለያል።

ስለ ኔትወርክም አንድ ነገር ልጨምር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ኦንላይን የሚማር ሰው ያኔ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ፍለጋ ነበር የሚዞረው። ዛሬም መብራት ይጠፋል፣ ኮኔክሽን ይሄዳል። የእኛ ኮሌጅ ትምህርት ግን ቪዲዮው ካልተከፈተ አይታይም፤ ማውረድ አይቻልም። የፈተናው ሰዓት ካለፈ ሲስተሙ ይዘጋል፤ ለማን አቤት እንደሚባል አይታወቅም። ኮሌጆች ትምህርቱን በስልክ ወርዶ በሚነበብ መልክ እንዲሰጡ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥም ፈተናን በሌላ ቀን እንዲያስፈትኑ ብታስገድዷቸው ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ለእነሱ ብዙም ወጪ የለውም።

የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው እጅ ላይ የብዙ ቤተሰብ ኑሮ አለ። የዓመት ፈቃድ የሚቆጥረው፣ የስንብት ክፍያ የሚያሰላው፣ «ይህ ቅጣት ከሕግ ውጭ ነው» ብሎ ለሥራ አስኪያጁ መንገር ያለበት እሱ ነው። ለመንገር ደግሞ አንቀጹን ማወቅ አለበት። አለቃ ፊት ቆሞ «ሞጁሉ ላይ እንዲህ ይላል» ማለት አያዋጣም። አዋጁን ገልጦ ማሳየት ነው የሚያዋጣው።

ስለዚህ አንድ የኦንላይን የሰው ሀብት ፕሮግራም ፊታችሁ ሲቀርብ ሞጁሉን አስመጡና የስንብቱን፣ የፈቃዱንና የደመወዙን ምዕራፍ አንብቡ። አዋጅ 1156 ከሌለበት መልሱት። የተግባር ሥራው የት እንደሚሠራ፣ ከማን ጋር ውል እንዳለ ወረቀቱን ጠይቁ። ቀድሞ ዕውቅና ያገኙትንም በዚሁ ዓይን እንደገና እዩዋቸው።

መልሳችሁን ለእኔ በግል እንድትልኩልኝ አልጠይቅም። ለሁላችንም በይፋ አሳውቁን። ከመጪው ሴሚስተር ምዝገባ በፊት ቢሆንልን ደግሞ፣ ገንዘባችንን ከመክፈላችን በፊት የትኛው ኮሌጅ ምን እንደሚያስተምር አይተን እንመርጥ ነበር።

ከአክብሮት ጋር
የሰው ሀብት አስተዳደር ተማሪና የሆቴል ሠራተኛ
ባሕር ዳር